ተማሪው የሌላ ሰው ንድፍ ይሥራ፦ ለምህንድስና ትምህርት ኃላፊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፣ እንዲሁም ለወርክሾፕ አስተማሪዎችና ቴክኒሻኖች

ጉዳዩ፦ የወርክሾፕ ልምምድን ይመለከታል

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ማንኛውም የምህንድስና ተማሪ የዲዛይን ትምህርቱን ከማለፉ በፊት ሌላ ተማሪ የነደፈውን አንድ ዕቃ በገዛ እጁ ይሥራ፤ የሠራውንም ሦስተኛ ተማሪ ይለካው። ነዳፊው፣ ሠሪውና ለኪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ነጥቡም ለሦስቱ በአንድነት ይሰጥ። የቀረው የደብዳቤው ክፍል ይህን ለምን እንደምጠይቅ የሚያስረዳ ነው።

የወርክሾፕ ሰዓት ሊቀነስ ሲታሰብ የሚቀርቡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ማሽኑ ውድ ነው፤ አደጋ አለው፤ ቦታ ይይዛል፤ መሐንዲሱ ነገ የሚሠራው በኮምፒውተር እንጂ በሞረድ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ሐሰት አይደለም። ሁሉም ግን ወርክሾፕን የእጅ ሙያ ማስተማሪያ ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። ተማሪው የቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ሠራተኛ ወይም በያጅ እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ። ወደ ወርክሾፕ መግባት ያለበት ወረቀት ላይ ያሰፈረው ቁጥር ብረት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው እንዲያይ ነው። ይህን የሚያሳየው ሌላ ክፍል በግቢው ውስጥ የለም።

ደግሞም ወርክሾፑ አሁን በሚሰጥበት መንገድ ከቀጠለ ቢዘጋም ብዙ አይጎድልብንም የሚሉትን ሰዎች አልወቅስም። የተለመደው እንዲህ ነው፦ ተማሪው ቁራጭ ብረት ይሰጠዋል፤ መዶሻ ይሠራበታል፤ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ ያብረቀርቀዋል፤ በማብረቅረቁም ነጥብ ያገኛል። እጀታው የሚገባበት ቀዳዳ ከመሐል ወደ አንድ ጎን መሸሹን፣ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ አለመሆናቸውን የሚለካ የለም። ከዚያ ቀዳሚዎቹ ተማሪዎች ካስረከቡት የተገለበጠ ሪፖርት ይገባል፤ ሞረድ ምን እንደሆነ፣ መጋዝ ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። መዶሻው ወደ መሳቢያ ይገባል፤ ሚስማር የሚመታበት ቀን ግን አይመጣም። ተማሪውም ከወርክሾፕ የሚወስደው ነገር ቢኖር እጁ መቁሰሉን ነው።

የሞረዱን ነገር ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። ከመሣሪያዎች ሁሉ ትሑቱ ሞረድ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረውም እሱ ይመስለኛል። ሥራው በክርን ቁመት ላይ በሞርሳ (ብረቱን ጨብጦ በሚይዝ ማሰሪያ) ይታሰራል። ሞረድ የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ከተጫኑት ጥርሱ ይዶለዱማል። ጀማሪ በሁለቱ እጆቹ እኩል ይጫናል። ስለዚህ ሞረዱ ጉዞውን ሲጀምር ወደ እጀታው፣ ሲጨርስ ወደ ጫፉ ያዘነብላል፤ ሁለት ጠርዞቹ ዝቅ ያሉ፣ መሐሉ ያበጠ ገጽ ይወጣል። ተማሪው ስኳድራውን (የቀጥተኛ ማዕዘን መለኪያውን) ገጹ ላይ አስጠግቶ ወደ መስኮቱ ሲያነሳው በሁለቱም ጫፍ ብርሃን ሲያልፍ ያያል። እብጠቱን ሊያነሳ ይመለሳል፤ ክብደቱን ከፊተኛው እጅ ወደ ኋለኛው እያሸጋገሩ መግፋት ስላልለመደ ያንኑ ጠርዝ ደግሞ ይበላዋል። በመካከሉ የሞረዱ ጥርስ በፍቅፋቂ ይደፈንና ገጹን ይቧጭረዋል፤ ጠመኔ መቀባትና በሽቦ ብሩሽ መጥረግ የሚለመደውም ያኔ ነው። እጁ እስኪገራ ድረስ ብሎኩ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። አንዳንዱ ከተሰጠው መጠን በታች ወርዶ ሌላ ቁራጭ ይጠይቃል፤ ያለ ቁጣ ሊሰጠው ይገባል። ይህን ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ ንድፍ ላይ «ጠፍጣፋ» ብሎ ለመጻፍ እጁ ትንሽ ይዘገያል።

ለመሆኑ ጠፍጣፋነት ራሱ ከየት ይመጣል? ሁለት የብረት ገጾችን እርስ በርስ እያመሳከሩ ቢፍቋቸው ያለ ክፍተት ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ያበጠ፣ ሌላው የጎደጎደ ሆኖም ይገጥማሉ። ሦስት ሆነው እያንዳንዱ ከሌሎቹ ከሁለቱም ጋር እንዲገጥም ከተደረገ ግን ሦስቱም ጠፍጣፋ ከመሆን በቀር ምርጫ የላቸውም። ይህን ዘዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ ነው። ያው ሰው በ1841 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሎን ጥርስ መለኪያ አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ወርክሾፕ ጥርሱን በራሱ ልክ ያወጣ ስለነበር የአንዱ ብሎን በሌላው ዳዶ አይገባም ነበር። ልብ በሉ፦ የዘመናዊ ማምረቻ መሠረት የተጣለው ሰው በማያውቀው ሌላ ሰው ልክ መሥራት ሲጀምር ነው። ተማሪዎቻችን ግን ዛሬም የራሳቸውን መዶሻ በራሳቸው ልክ ሠርተው ይወጣሉ።

መለካት ደግሞ ሌላው የተረሳ ነገር ነው። የማይክሮሜትር፣ ማለትም የጥቃቅን ልክ መለኪያው፣ ብሎን በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ የሚዞረው ከበሮው በ50 ስለተከፈለ አንዷ መስመር 0.01 ሚሊ ሜትር ናት። ይህን መጽሐፉ ይነግራል። መጽሐፉ ነግሮ ተማሪው ግን የማይሰማው፣ በመጨረሻ መዞር ያለበት ግፊት ሲበዛ የሚንሸራተተው የጫፍ ማዞሪያ መሆኑን ነው፤ ከበሮውን ይዞ ካጠበቀው ብረቱን አይለካም፣ የራሱን ጉልበት ይለካል። ከመጀመሩ በፊት መንጋጋዎቹን ጠርጎ ዜሮውን ማየት እንዳለበትም እንዲሁ። በዓለም ዙሪያ የመለኪያ መነሻ የሙቀት መጠን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት 0.012 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከአንዷ የማይክሮሜትር መስመር ይበልጣል ማለት ነው። ከቶርኖ ላይ ገና ትኩስ እያለ የተለካ ዘንግ ሲቀዘቅዝ ሌላ ዘንግ ይሆናል። አንድን ዘንግ ለሦስት ተማሪዎች በየተራ ስጡና ያገኙትን ቁጥር ሳይተያዩ ያስመዝግቡ። ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ክርክሩ ሲነሳ አስተማሪው ጣልቃ ባይገባ እመርጣለሁ፤ ስለ መለኪያ ስህተት ከሚሰጥ ንግግር ሁሉ ያ ክርክር ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የራሱን ንድፍ የሚሠራ ተማሪ ንድፉ የጎደለውን ከጭንቅላቱ ይሞላዋል። ልክ የረሳበት ቦታ ላይ የሚፈልገውን ያውቃል፤ የማይቆረጥ ቅርጽ ከሳለም ዝም ብሎ ያስተካክለዋል። ንድፉ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ግን ጉዱ ይወጣል። የምናያቸው ስህተቶች በየጊዜው ያው ናቸው። ነዳፊው በብሎክ ውስጥ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይስላል፤ የውስጥ ማዕዘኖቹን እንደ ምላጭ ስለታም ያደርጋቸዋል። ሠሪው ወረቀቱን ይዞ ይመጣና «በምን ልቁረጠው?» ይላል። የሚሊንግ ማሽን መቁረጫ ክብ ነው፤ የሚዞር ክብ ነገር የውስጥ ማዕዘን ላይ የራሱን ራዲየስ ትቶ ያልፋል። ነዳፊው ኮምፒውተሩ ምንም ሳይቃወም የሳለለትን መስመር ማንም መቁረጥ እንደማይችል የሚያውቀው በዚያች ጥያቄ ነው።

ወይም ጫፉ ዝግ የሆነ ቀዳዳ ላይ የብሎን ጥርስ እስከ መጨረሻው ወለል እንዲወጣ ያዝዛል። ለኤም10 (10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው) ብሎን መጀመሪያ በ8.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይሰረሰራል፤ የተለመደው ፑንታ ጫፉ 118 ዲግሪ ስለሆነ የቀዳዳው ወለል ሾጣጣ እንጂ ጠፍጣፋ አይሆንም። ጥርስ ማውጫው ደግሞ ራሱ ጫፉ ላይ የቀጠነ ነው። ወለሉን ሲነካ አልዞርም ይላል፤ ጀማሪው ያስገድደዋል፤ ጥርስ ማውጫው ቀዳዳው ውስጥ ይሰበራል። ተቀርቅሮ የተሰበረ ጥርስ ማውጫ ከቀዳዳ ማውጣት ሥራውን እንደገና ከመጀመር ይከብዳል። ቀዳዳውን ከጥርሱ ትንሽ አጥልቆ መንደፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ይህን ግን ነዳፊው የሚማረው ባልደረባው የተሰበረውን መሣሪያ አምጥቶ ፊቱ ሲያስቀምጥለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቀኝ የልኬት ልዩነት፣ ማለትም ልኩ ከተጻፈው ቁጥር ምን ያህል ሊበልጥ ወይም ሊያንስ እንደሚፈቀድለት የሚጻፈው ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ስለሚፈቅድ ተማሪው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ±0.01 ይጽፋል፤ ማንም የማይነካው የውጭ ጠርዝ ላይ ሳይቀር። ሠሪው አንዷን ጠርዝ በዚያ ልክ ለማምጣት ሲለፋ ውሎ «ይህ ጠርዝ ከምን ጋር ነው የሚገጥመው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ከምንም» ይሆናል። ጥብቅነት በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ምንም አይጻፍም። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) የመግጠሚያ ሠንጠረዥ፣ ኤች7 እና ጂ6 የሚፈቀደው ልዩነት መለያዎች ሲሆኑ፣ 25 ሚሊ ሜትር ኤች7 የሆነ ቀዳዳ ከ25.000 እስከ 25.021 ይፈቀድለታል፤ በውስጡ የሚዞረው ጂ6 ዘንግ ከ24.980 እስከ 24.993። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ0.007 ያላነሰ፣ ከ0.041 ያልበለጠ ነው። ለፈተና በቃሉ የያዘውን ይህን ሠንጠረዥ ተማሪው የሚያምንበት ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ በዘይት ተንሸራቶ ሲገባ፣ ወይም ጫፉ ላይ ቆሞ እምቢ ሲል ነው።

ብየዳም ከዚህ አይለይም። ነዳፊው ሁለት ላሜራዎች በ90 ዲግሪ ይገናኙ ብሎ አንድ ጎን ብቻ ብየዳ ያዝዛል። የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ላሜራውን ወደ ብየዳው ጎን ይስበዋል፤ 90 ዲግሪው ይጠፋል። ሠሪው አስቀድሞ በጥቂት ቦታ ነካ ነካ አድርጎ ካላሰረው፣ ወይም ብየዳውን በሁለቱ ጎን እያፈራረቀ ካልሠራው፣ ስኳድራው ይመሰክርበታል።

ከወርክሾፕ ትምህርት ታሪክም የምንማረው አለ። በ1868 የሞስኮ ኢምፔሪያል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ቪክቶር ዴላ ቮስ ሙያውን ወደ ትናንሽ ልምምዶች ከፋፍሎ ከቀላል ወደ ከባድ አሰናዳ፤ ተማሪው ዕቃ ከመሥራቱ በፊት መሞረዱን፣ መቁረጡን፣ መግጠሙን ለየብቻ ይለማመድ ነበር። ሥራዎቹ በ1876 በፊላዴልፊያው ኤግዚቢሽን ሲታዩ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት ጆን ራንክል ዘዴውን ወደ ተቋሙ ወሰደው። ዛሬ በየወርክሾፑ የምናየው የልምምድ ቅደም ተከተል አብዛኛው የዚያ ዘር ነው። ድካሙን አከብራለሁ፤ አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፦ ተማሪው ሲገጣጥማቸው የሚውሉት ቁርጥራጮች የምንም ማሽን አካል አልነበሩም። ቆይቶ ሚዛኑ ወደ ሌላ ጎን አጋደለ። በ1955 በአሜሪካ የወጣውና የግሪንተር ሪፖርት በመባል የሚታወቀው ሰነድ የምህንድስና ትምህርት ወደ ሳይንሱ እንዲያዘነብል፣ የእጅ ሙያ የሚበዛባቸው ኮርሶች እንዲወጡ መከረ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ወርክሾፓቸውን ያጠበቡት ከዚያ ወዲህ ነው። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ያው የማሳቹሴትስ ተቋም ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ተማሪው አስቦ፣ ነድፎ፣ ሠርቶ፣ አሠርቶ እንዲያይ የሚጠይቅ የትምህርት ማዕቀፍ ይዞ ተመለሰ። አንዴ ልምምዱ ያለ ንድፍ፣ አንዴ ንድፉ ያለ ልምምድ ሲሰጥ ኖሯል። እኔ የምጠይቀው ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማገናኘት ነው።

«ዛሬ ሁሉ ነገር በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን) ነው» ለሚሉኝ፦ የእሱ ቀዳሚ የሆነው፣ በቁጥር የሚታዘዘው ሚሊንግ ማሽን በማሳቹሴትስ ለሕዝብ የታየው በ1952 ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ማሽኑ የታዘዘውን ይቆርጣል። ሥራው በምን እንደሚታሰር፣ ሲታሰር እንደማይጣመም፣ የትኛው ፊት መጀመሪያ እንደሚወጣ የሚወስነው ሰው ነው። ፍጥነቱንም እንዲሁ። ለስላሳ ብረት በተለመደው የኤችኤስኤስ (ለፈጣን ቆረጣ ከተዘጋጀ ብረት የተሠራ) መቁረጫ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ይቆረጣል ቢባል፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በደቂቃ ወደ 320 ዙር፣ 100 ሚሊ ሜትር ያለው ወደ 80 ዙር ይዞራል። ስሌቱ የልጅ ሥራ ነው። መቁረጫው ሲደነዝዝ ድምፁ መለወጡን፣ ፍቅፋቂው ሰማያዊ መሆኑን፣ የገጹ ልስላሴ መጥፋቱን ግን በእጅ በሚዘወር ቶርኖ አጠገብ ያልቆመ ሰው በመስታወት ከታሸገ ማሽን ውጭ ሆኖ አይሰማውም። ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያም ይግባ፤ ጠቃሚ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ማንኛውም ቅርጽ ይቻላል የሚል ልማድ ያሳድራል፤ የታተመው ዕቃ ድርብርቦቹን በሚያላቅቅ አቅጣጫ ሲጎተት ደካማ መሆኑም የሚታወሰው ዕቃው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ስለ አደጋ መከላከል አጭር እሆናለሁ፤ ግድግዳ ላይ በቂ ተለጥፏልና። ከሚዞር ማሽን አጠገብ ጓንት፣ ቀለበት፣ የተንጠለጠለ እጅጌና የተፈታ ፀጉር የለም። የቻክ (በማሽኑ ላይ ሥራውን የሚይዘው መንጋጋ) ቁልፍ ከእጅ ሳይለይ ይወጣል፤ ቻክ ላይ ተረስቶ ማሽኑ ቢነሳ እንደ ጥይት ይወረወራል። ፍቅፋቂ በብሩሽ ወይም በመንጠቆ እንጂ በእጅ አይነሳም። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል፤ ልባጩ ይነሳ፣ አየሩም ይሳብ። እነዚህን የሚያስጠብቀው ማስታወቂያ አይደለም፤ የቡድኑ ቁጥር ማነስ ነው። አንድ አስተማሪ በዓይኑ ሊከታተለው ከሚችለው በላይ ተማሪ ወደ ወርክሾፕ የሚያስገባ ኃላፊ ስለ አደጋ መከላከል ባያወራ ይሻለዋል።

የቴክኒሻኖቹንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ተማሪው ከሁሉ በላይ የሚማርበት ሰው በብዙ ተቋማት «ረዳት» ይባላል፤ ነጥብ የሚሰጠው ግን ወርክሾፕ የማይደርስ ሌላ ሰው ነው። ከጋራው ነጥብ ውስጥ የሥራውንና የልኬቱን ድርሻ ቴክኒሻኑ ይስጥ፤ ንድፉ ሊሠራ አይችልም ብሎ የመመለስም ሥልጣን ይኑረው። ለቴክኒሻኖችም አንድ ልመና አለኝ፦ ተማሪው ሲንገላታ መሣሪያውን ከእጁ አትቀበሉት። ለእናንተ የአፍታ ሥራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

አፈጻጸሙ ብዙ አያስቸግርም። ውድ ማሽን የሌለው ትምህርት ቤት በሞርሳ፣ በሞረድ፣ በብረት መጋዝና በአንድ የቋሚ መሰርሰሪያ ይጀምር። በመጋዝ እንኳ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ እንዳለበት፣ ስለዚህም ቀጭን ላሜራ በደቃቅ ጥርስ እንደሚቆረጥ ማወቅ ንድፍን ይለውጣል። የሪፖርቱ ነገር ይቅር፤ በምትኩ ሠሪው ለነዳፊው ያቀረባቸው ጥያቄዎችና በእነሱ ምክንያት ንድፉ ላይ የተደረጉ ለውጦች በቀን ተመዝግበው ይያያዙ። ከሌላ ሰው ሊገለበጥ የማይችል ሰነድ ይሆናል። የተበላሸ ሥራም ነጥብ አያስቀንስ፤ የተደበቀ ልኬት ግን ያስቀንስ።

ለመጀመሪያው ዙር ሁለት ክፍል ያለው ቀላል ዕቃ ይበቃል፦ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ብሎክና በውስጡ የሚዞር ዘንግ፣ ዘንጉን ከጎን የሚያስቆም አንድ ኤም10 ብሎን። ብሎኩን አንዱ፣ ዘንጉን ሌላው ይንደፍ፤ ሁለት ሌሎች ተማሪዎች ይሥሩት። ሠሪዎቹ እስከ መገጣጠሚያው ዕለት ስለ ሥራው አይነጋገሩ፤ ጥያቄያቸውን ለነዳፊዎቹ ብቻ ያቅርቡ። ዘንጉ አልገባም ካለ፣ ጉድለቱ ከብሎኩ ይሁን ከዘንጉ፣ ከሠሪው ይሁን ከነዳፊው፣ ለኪው በቁጥር ይጻፍና አራቱም ይፈርሙበት። ከዚያ የተሳሳተው ክፍል ብቻ እንደገና ይሠራ።

ከአክብሮት ጋር፣

ከወርክሾፕ ባለሙያዎች አንዱ